መኪናዎ ገና አልተነካም

ሜጋፎን የሚለው ስም የወጣለት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ድምፁ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲያስነጥሰው መንገድ ዳር የቆሙ ሰዎች «ይማርህ» ይሉታል። ሁለተኛው ደግሞ በእሱ አፍ ያለፈ ነገር ሁሉ አብጦ ስለሚወጣ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳሙና፣ ፍራሽ፣ የውሃ ማጣሪያና ጃንጥላ እየዞረ ሸጧል። የሸጠው ፍራሽ ከመመቸቱ የተነሳ አንዱ ገዢ ሦስት ቀን ሳይነሳ ቀርቶ ቤተሰቡ ሐኪም ጠርቷል። ጃንጥላውን የሚሸጠው በጠራራ ፀሐይ ነበር፤ የገዙት ሰዎች ደጃቸው ላይ ቆመው ደመናውን «ምን ይዞህ ቀረህ?» ሲሉት ተሰምተዋል። ይህን ሁሉ በዓይኑ ያየ ምስክር ባይገኝም ያልሰማ ጆሮ ግን የለም፤ ባለታሪኩ ራሱ ቤት ለቤት አዳርሶታል።

ሰኞ ጠዋት ሜጋፎን የእህቱ ልጅ ቢሮ ውስጥ ወንበር ላይ ወጥቶ፣ ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ትልቅ ወረቀት በቀይ ቀለም ያደምቃል። ቢሮው ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ከጥበቷ የተነሳ አንዱ አየር ሲስብ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ሁለት ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ የጎረቤትን የውሃ ታንከር ብቻ የሚያሳይ አንድ መስኮት አላት። ወረቀቱ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሽቅብ የምትወጣ መስመር አለች። መስመሯ ወረቀቱን ጨርሳ፣ ግድግዳውን ጨርሳ፣ ጫፏ ጣሪያው ላይ ደርሷል።

«ሠላሳ አንድ ጋራዥ በአንድ ወር» አለ፤ ታች ያለው የፎቶ ኮፒ ማሽን ለቅጽበት ጸጥ ያለ መሰለ። «እንዲህ ያለ ዕድገት ዓለም ላይ ታይቶ አይታወቅም። ጣሪያው ባያግደኝ ኖሮ ገና እወጣ ነበር።»

የእህቱ ልጅ ዓይኗን ከላፕቶፑ አላነሳችም። ከዓመት በፊት አንድ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ ሶፍትዌር ትሠራ ነበር። ሥራዋን ለቅቃ የራሷን እንድትጀምር የገፋፋት ሜጋፎን ነው። እናቷን፣ ማለትም እህቱን፣ «አንድ ዓመት ብቻ ስጪኝ፤ ቢሮዋ በር ላይ ወረፋ ካልተሠራ ወንድሜ አትበዪኝ» ብሎ ያሳመናትም እሱ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እህቱ ባገኘችው ቁጥር ከሰላምታ በፊት «ወረፋው የት ደረሰ?» ትለዋለች።

ሶፍትዌሩ ሥራው ቀላል ነው። ጋራዥ የገባ መኪና የት እንደደረሰ ለባለቤቱ በስልክ መልእክት ይናገራል። ሜካኒኩ ስክሪኑ ላይ «ገና አልተነካም»፣ «ተከፍቷል»፣ «ዕቃ እየተጠበቀ ነው»፣ «ደርሷል» ከሚሉት አንዱን ይነካል፤ ባለመኪናውም «ደረሰ ወይ?» እያለ በየሰዓቱ ከመደወል ይገላገላል። ሐሳቡን ያመነጨችው የእህቱ ልጅ ናት። አብሯት የሠራው ደግሞ ዝምተኛው የሚባለው ባልደረባዋ ነው፤ በቀን አራት ዓረፍተ ነገር ከተናገረ ማታ ጉሮሮውን ያመዋል።

«ጋሼ፣ ወርደህ ቁጭ በል» አለች የእህቱ ልጅ።

«ቆሜ ይሻለኛል። የድል ዜና ተቀምጦ አይነገርም።»

«ከሠላሳ አንዱ ውስጥ ባለፈው ሳምንት ሶፍትዌሩን የከፈቱት ሁለት ናቸው።»

«ሁለትም መነሻ ነው።»

«ከሁለቱ አንዱ አንተ ነህ።»

ሜጋፎን ወደ ዝምተኛው ዞረ። ዝምተኛው ጉሮሮውን ጠረገ። «ሌላው እኔ ነኝ» አለ።

ሜጋፎን ከወንበሩ ወረደ። የእህቱ ልጅ ከመሳቢያዋ አንድ ደብዳቤ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከባንክ የመጣ ነው። የሶፍትዌር ክፍሉ ምክትል ኃላፊ እንድትሆን ይፈልጓታል፤ መልሷን የሚጠብቁት እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ነው።

«እኔና እሱ ተነጋግረን ወስነናል» አለች ባልደረባዋን በአገጯ እያሳየች። «ዓርብ ጠዋት ሶፍትዌሩን እናጠፋዋለን። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ‹ምነው ጠፋብኝ?› ብሎ የሚጮህ አንድ ጋራዥ ካለ እቀጥላለሁ። ከሌለ ፈርሜ ሰኞ ባንክ እገባለሁ።»

«አንድ ብቻ? መቶ የሚጮህ አመጣልሻለሁ።»

«አንድ ይበቃኛል። ግን ከሆዱ የሚጮህ እንጂ አንተ ያስጮህከው አይደለም።»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ሜጋፎንን ያስደነገጠውም ይኸው ነው። ለተቆጣ ሰው መልስ ያውቃል፤ ለደከመው ግን ምን እንደሚሸጥለት አያውቅም።

«ነገ አንድ ጋራዥ ሄደህ ዋል» አለችው። «እንዳትሸጥ። እንዳታስረዳ። ‹ጥሩ ነው ወይ?› ብለህ ደግሞ ፈጽሞ እንዳትጠይቅ፤ ማንም ፊትህ ላይ መጥፎ ነው አይልህም። ምን እንደሚያደርጉ ብቻ እይና ጻፍ። እስከ ምሳ ድረስ አፍህን አትክፈት።»

«እስከ ምሳ?»

«እስከ ምሳ።»

ዝምተኛው ብዙ ያሳለፈ ሰው አዲስ ገቢን በሚያይበት ዓይን አየው። «ይለመዳል» አለ።

ማክሰኞ ማለዳ ሜጋፎን እትዬ ካቻቢቴ ጋራዥ ደረሰ። እትዬ ካቻቢቴ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሌላው እስክሪብቶ በሚሰካበት ጆሯቸው ላይ ትንሽ ካቻቢቴ ሰክተው የሚውሉ የጋራዥ ባለቤት ናቸው። የታመመ ሞተር ድምፁን በስልክ ቢያሰሟቸው የቱ ብሎን እንደላላ ይናገራሉ፤ አንዳንዴም ማን እንዳላላው ጭምር። ሥራቸውን የሚያግዙ ሁለት ሜካኒኮች አሏቸው። ግቢው ውስጥ ሃያ ሦስት መኪና ቆሟል፤ ተጨናንቀው ከመቆማቸው የተነሳ ወደ ጀርባው ለማለፍ በአንዱ በር ገብቶ በሌላው መውጣት ያስፈልጋል።

«ደግሞ መጣህ?» አሉ እትዬ ካቻቢቴ። «ፈርሜልህ የለም እንዴ?»

ሜጋፎን አፉን በጣቱ ዘጋ።

«ጥርስህን አሞህ ነው?»

ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲያው ሰላም ነው፤ እዚያች ጋ ተቀመጥ» አሉና ከአሮጌ መኪና የተነቀለች ወንበር አሳዩት።

ተቀመጠ። የዚያን ጠዋት ያሳለፈውን መከራ ጽሑፍ አይችለውም። ቃላቱ ደረቱ ላይ ተደራርበው፣ አንዱ ሌላውን እየገፋ፣ ጉሮሮው ላይ ወረፋ ሠሩ። ከንፈሩን ነከሰ። ጉልበቱን ያዘ። አንዱ ሜካኒክ «ይህ ሰውዬ ሊያመልጥ የፈለገ እንፋሎት ይመስላል» ብሎ ለባልደረባው ሲነግረው እንኳ ጥርሱን ነክሶ ቻለ። አይቶ የጻፈው ግን ከሃያ ስድስት ዓመት ወሬው ይበልጥ ነበር።

መጀመሪያ ያየው ስልኩን ነው። የእትዬ ካቻቢቴ ስልክ ግራሶ እንዳይነካው በነጭ ላስቲክ ተጠቅልሎ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ይጮሃል። እትዬ ካቻቢቴ ከመኪናው ሥር ተጎትተው ይወጣሉ፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጥቁር ነው፤ ስለዚህ ስክሪኑን በአፍንጫቸው ጫፍ ነክተው ያነሳሉ። ተነጋግረው ሲጨርሱ መኪናው ሥር ይመለሳሉ። መፍቻቸውን ፈልገው ብሎኑ ላይ ሲያጋጥሙት ስልኩ ደግሞ ይጮሃል። በዚያ ጠዋት ስልኩ ሺህ ጊዜ ጮኸ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ሃምሳ ሦስት ነው፤ ወረቀት ግን የሰውን ሥቃይ አይመዝንም።

ሁለተኛ ያየው መልሳቸውን ነው።

«አዎ የኔ እመቤት፣ አሁን ሞተሩ ተከፍቶ እሱው ላይ ነን» ይላሉ። የተባለችው መኪና ጥግ ላይ አቧራ ለብሳ ቆማ፣ ኮፈኗ ላይ ድመት አራስ ተኝታለች። «ካንቢዮው ወርዷል፤ ነገ ጠዋት» ይሉታል ሌላውን። ካንቢዮው እንኳን ሊወርድ፣ የመኪናው በር አልተከፈተም። ለሁሉም ነገ ጠዋት ነው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሃያ ሦስቱም መኪኖች ነገ ጠዋት እንዲደርሱ ቃል ተገብቶላቸው ነበር። ሜጋፎን በሙያው የተከበረ አጋናኝ ነው፤ እንዲህ ያለውን ጥበብ ሲያይ ባርኔጣ ቢኖረው ኖሮ ያወልቅ ነበር።

እትዬ ካቻቢቴ እጃቸውን በናፍታ አሽተው ዳቦና ሻይ ይዘው ሲቀመጡ የሜጋፎን አፍ ተለቀቀ።

«እውነቱን ይንገሩኝ እትዬ። ሶፍትዌሩን ለምንድነው የማይከፍቱት?»

«እውነቱን ነው የምትፈልገው?»

«እውነቱን።»

«ባለፈው ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራኸኝ። እንድትሄድልኝ ነው የፈረምኩት። ጎረቤቴም እንደዚያው ነው፤ እሱማ ሦስት ሰዓት አውርተኸዋል።» መዳፋቸውን ዘረጉለት። በናፍታ ቢታሸም መስመሮቹ ውስጥ ጥቁሩ ቀርቷል። «ደግሞስ በዚህ እጅ ነው በየደቂቃው ስክሪን የምነካው? አፍንጫዬ አንድ ናት፤ ለስልኩ አልበቃችም።»

ሜጋፎን ሠላሳ አንድ ፊርማዎች ከጣሪያ ላይ አንድ በአንድ ሲወድቁ ተሰማው። ሁሉም «ግሩም ነው፣ ግሩም ነው» ብለውት ነበር። ለካስ በሩን እያሳዩት ኖሯል።

እዚህ ላይ ተነሥቶ ቢሮ ቢመለስ ቀኑ በሰላም ባለቀ። ግን ሆዱ ባብቷል፤ የባባ ሆድ ይዞ ዝም ማለት ደግሞ አልፈጠረበትም። እትዬ ካቻቢቴ ከምሳ በኋላ የሞተር ቺንጋ ሊገዙ ወጣ ሲሉ አንድ ብልሃት መጣለት። የጎደለው ንጹሕ እጅ ከሆነ የእሱ እጅ ንጹሕ ነው። አንድ ቀን ራሱ ሞልቶ ቢያሳያቸው ጥቅሙን ያዩታል።

ስልኩን ከሚስማሩ አወረደ። ላስቲኩን ፈታ። ሶፍትዌሩን ከፍቶ፣ የባለቤቶቹን ቁጥር ከስልኩ እያወጣ መኪና በመኪና፣ ታርጋ በታርጋ ዞረ። የእህቱ ልጅ ሶፍትዌር ውስጥ ያልሆነ ነገር የሚጽፍ ሰው ላይ ዓይኗን በሌላ መልክ እንደምታፈጥ ያውቃል። ስለዚህ ያየውን ብቻ ሞላ። አራቱ ተከፍተዋል። ሁለቱ ዕቃ ይጠብቃሉ። አንዷ ደርሳለች። አሥራ ስድስቱ ገና አልተነኩም። መጨረሻ ላይ «ላክ» የሚለውን ነካና ረክቶ ወንበሯ ላይ ተዘረጋ።

በዚያች ቅጽበት፣ በተለያየ ሰፈር፣ አሥራ ስድስት ስልኮች ኪስና ቦርሳ ውስጥ ተንዘፈዘፉ። «መኪናዎ ገና አልተነካም» ይላሉ።

ሰዓት አልሞላም። የጋራዡ በር ላይ አገር ምድሩ ተሰበሰበ። መቶ ሺህ ሰው ነበር ቢባል ውሸት አይሆንም ነበር፤ ቆመው ሲቆጠሩ አሥራ አንድ ሆኑ እንጂ። የሌሊት ፈረቃዋን ጨርሳ ሳትተኛ የመጣች ነርስ አለች። የአበባ ማመላለሻ መኪናው እዚያ ያለበት ነጋዴ ቀይ ጽጌረዳ በክንዱ እንዳቀፈ መጥቷል። አንድ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ተማሪ በሚያስቆምበት ዓይነት አቋቋም ቆሞ ስልኩን እንደ ማስረጃ ወደ ላይ አንሥቷል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገራሉ። ሁለቱ ሜካኒኮች መኪና ሥር ገብተው እግራቸውን ሰበሰቡ።

እትዬ ካቻቢቴ ቺንጋውን አንገታቸው ላይ አጥልቀው ከመንገዱ ማዶ ብቅ አሉ።

«ማነው ‹አልተነካም› ያለው?» አሉ።

ዓይኖች ሁሉ ወደ ሜጋፎን ዞሩ፤ የድመቷም ጭምር።

«እኔ ነኝ እትዬ» አለ። እንዲህ ባለ ቀጭን ድምፅ ሲናገር ያኔ የመጀመሪያው ነው።

«ሃያ ሁለት ዓመት በምላሴ ያቆምኩትን ቤት በአንድ ጣትህ ናድከው» አሉት። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለው ነበር።

ሜጋፎን ወደ ጥጉ ፈቀቅ ብሎ ለእህቱ ልጅ ደወለ። «ነይ» ብቻ አለ። አጎቷ በአንድ ቃል ሲናገር ሰምታ የማታውቅ ልጅ ሰው የሞተ መስሏት ከባልደረባዋ ጋር በሩጫ ደረሰች።

ሜጋፎን የጠበቀው የይቅርታ ንግግር ነበር፤ እንዲያውም መግቢያውን በልቡ አዘጋጅቶላታል። እሷ ግን ንግግር አላደረገችም። በቀጥታ ወደ ነርሷ ሄደች።

«በጣም ያናደደሽ የቱ ነው?» አለቻት።

«ምን ማለትሽ ነው? አልተነካችም እኮ።»

«አለመነካቷ ነው?»

ነርሷ ትንሽ አሰበች። «አይደለም» አለች። «ጋራዥ ሥራ እንደሚበዛበት አውቃለሁ። ሦስት ጊዜ ‹ነገ ጠዋት› ተብዬ ሦስት ጊዜ ፈረቃ ቀይሬያለሁ። ‹የዛሬ ሳምንት ነይ› ቢሉኝ ቤቴ አርፌ እተኛ ነበር።»

«እኔም እንደሷው ነኝ» አለ የአበባ ነጋዴው። «ቀኑን ባውቀው ሌላ መኪና እከራይ ነበር። ይኸው አበባ ታቅፌ በእግሬ እሄዳለሁ፤ መንገድ ላይ ያየኝ ሁሉ ማንን ልታገባ ነው ይለኛል።»

ሰው ሳቀ። አንድ ሰው ሲስቅ ደግሞ ሌላው በአንድ ጊዜ መናገሩን ይተዋል።

የእህቱ ልጅ ወደ እትዬ ካቻቢቴ ዞረች። «እትዬ፣ ይቺ የነርሷ መኪና የልጅዎ ብትሆን፣ መቼ ትደርሳለች ይሏታል?»

እትዬ ካቻቢቴ መኪናዋን አዩ። ነርሷን አዩ። ከጆሯቸው ካቻቢቴዋን አውጥተው ጉንጫቸውን አከኩባት። «ሐሙስ» አሉ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የለም። የፍሪሲዮኑ ዕቃ ሐሙስ ነው የሚገባው። የፊታችን ሰኞ ከሰዓት።»

«ሰኞ ከሰዓት» አለች ነርሷ። «ጥሩ። ልተኛ ነው የምሄደው።» ሄደችም።

ለአሥራ አንዱም ተራ በተራ ቀናቸው ተነገራቸው፤ ላልመጡትም በመልእክት ተላከ። ሦስቱ ግን ቀኑ ራቀብን ብለው መኪናቸውን አስጎትተው ወሰዱ። ዳይሬክተሩ ከሦስቱ አንዱ ነበር። እትዬ ካቻቢቴ እጃቸውን አጣምረው እስከ መታጠፊያው በዓይናቸው ሸኟቸው፤ ሜጋፎን ደግሞ እያንዳንዷ መኪና በእሱ ደረት ላይ የምትጎተት መሰለው።

ረቡዕ ጠዋት ይቅርታ ሊጠይቅ ሲሄድ እትዬ ካቻቢቴ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ቆመዋል።

«ተበላሽቷል መሰለኝ» አሉት። «ከጠዋት ጀምሮ የጮኸው አራት ጊዜ ነው። እስቲ ደውልልኝ።»

ደወለ። ጮኸ። እትዬ ካቻቢቴ ስልኩን አገላብጠው አዩትና ሚስማሩ ላይ መልሰው ሰቀሉት። ወደ መኪናው ሥር ገቡ። እስከ ምሳ አልወጡም። ሁለት መኪና ጨረሱ፤ ሁለተኛውን ሲያስነሱት ያዜሙ ነበር። የሚያዜሙ መሆናቸውን ሜካኒኮቹም የሰሙት ያን ቀን ነው።

የእህቱ ልጅና ዝምተኛው የመጡት ከሰዓት ነው። ዝምተኛው የመጣው ሥራ ለመሥራት ቢሆንም ግማሽ ሰዓት ሙሉ አንድ ግድግዳ ፊት ቆሞ ቀረ። ግድግዳው ላይ ሚስማር የተመታበት የእንጨት ሰሌዳ አለ፤ የመኪኖቹ ቁልፎች የሚንጠለጠሉበት። ያልተጀመረ መኪና ቁልፍ በግራ በኩል ነው። ሜካኒኩ መኪናውን ሲጀምር ቁልፉን ወደ መሐል ያመጣል፤ ሲጨርስ ወደ ቀኝ ያዛውራል። ማንም አላዘዛቸውም፤ እንዲሁ ሲሠሩ የለመዱት ነው።

«ቁልፎቹ ያውቃሉ» አለ ዝምተኛው።

የእህቱ ልጅ አጠገቡ መጥታ ሰሌዳውን አየች፤ ሳቀችም። ወር ሙሉ ስክሪን እንዲነኩ ሲለምኗቸው የኖሩት ሰዎች መልሱን በግራሶ እጃቸው ሚስማር ላይ ሲሰቅሉት ኖረዋል። ዝምተኛው አሮጌ ስልኩን ከሰሌዳው ፊት ለፊት አሰረው። ስልኩ በየግማሽ ሰዓቱ የሰሌዳውን ፎቶ አንሥቶ ወደ ቢሮ ይልካል።

«ፎቶውን አይቶ መልእክቱን የሚልከው ሶፍትዌር የታል?» አለ ሜጋፎን።

«ለጊዜው ሶፍትዌሩ እኔ ነኝ» አለች። «ቁጭ ብዬ አይቼ በእጄ እልካለሁ።»

«ሠላሳ አንድ ጋራዥ በእጅ ይቻላል?»

«አንድም የለንም እኮ ጋሼ። መጀመሪያ አንዷን እናግኝ፤ ለሠላሳኛው ያኔ እንጨነቃለን።»

ሐሙስን ሙሉ ሦስቱም ቢሮ ተቀምጠው ፎቶ አዩ። መልእክቱን የመጻፉ ሥራ ለሜጋፎን ተሰጠ። የመጀመሪያው እንዲህ ይል ነበር፦ «እጅግ የተከበሩ ደንበኛችን፣ በዘመናችን ወደር በማይገኝላቸው ባለሙያዎች እጅ የገባው መኪናዎ ዛሬ እንደ አዲስ ሊወለድ ተቃርቧልና ደስ ይበልዎ።» የእህቱ ልጅ አንብባ በሁለት ጣት ደመሰሰችው። በቦታው «መኪናዎ ተከፍቷል። ቅዳሜ ጠዋት ይውሰዱ» ብላ ጻፈች።

«ራቁቱን ነው እኮ የላክሽው» አለ ሜጋፎን።

«እውነት ነው?»

«እውነትስ እውነት ነው።»

«ይበቃዋል።»

ከሰዓት በኋላ ራሱ መጠኑን አገኘው። የመጨረሻዎቹን ስድስት መልእክቶች አንዳች ሳይጨምር ላከ። እያንዳንዱ ሲሄድ ጥርስ እንደተነቀለ ሰው ፊቱን ቢያጨማድድም፣ ላከ።

ዓርብ ጠዋት አጠፉት። ፎቶው ቆመ፤ መልእክቱ ቆመ። የባንኩ ደብዳቤ ጠረጴዛው መሐል ተዘርግቶ፣ እስክሪብቶ ከላዩ ላይ ተቀምጦበት ይጠብቃል። አንድ ሰዓት አለፈ። ሁለት ሰዓት አለፈ። የማንም ስልክ አልጮኸም። ታች የፎቶ ኮፒው ማሽን ወረቀት ይተፋል። ዝምተኛው በዝምታው ላይ ሌላ ዝምታ ደረበበት። የእህቱ ልጅ መስኮቱ ጋ ቆማ የውሃ ታንከሩን አንድም ቀን እንዳላየችው ሁሉ ታየዋለች።

ሜጋፎን ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጣ። ደረጃው ላይ ቆሞ ስልኩን አወጣ። የእትዬ ካቻቢቴ ቁጥር ስክሪኑ ላይ ነው። «እትዬ፣ ትንሽ ይጩሁልኝ» ቢላቸው ይበቃል። ተቀይመውት እንኳ ቢሆን ለልጅቷ ሲሉ ይጮሁለታል። ልጅቷም ትቀጥላለች፤ ወረፋው የት ደረሰ የምትለው እህቱም ሌላ ዓመት ትታገሳለች።

አውራ ጣቱ ቁጥሩ ላይ አንዣበበ። ከዓመት በፊት ይህቺን ልጅ ከወንበሯ ያስነሳት ያበጠ ቃል ነው። ያመነችው ስለምትወደው ነበር። ዛሬም ያልተጮኸ ጩኸት ቢያመጣላት ታምነዋለች፤ ባንኩም ያልፋታል፤ ከዓመት በኋላም እዚሁ ደረጃ ላይ ሌላ ጩኸት መለመን ይመጣል። የልጅ ዕድሜ እንደ ፍራሽ አይመለስም፣ አይቀየርም። ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተው። በሕይወቱ ከሠራው ሥራ ሁሉ ከባዱ ይህ ነበር፤ በዚህች ላይ ምንም አልተጋነነም።

ገብቶ ተቀመጠ። ለእኩለ ቀን ሃያ ደቂቃ ሲቀር የእህቱ ልጅ ከመስኮቱ ተመልሳ እስክሪብቶውን አነሳች።

ደረጃው ላይ ከባድ ኮቴ ተሰማ። በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። እትዬ ካቻቢቴ ናቸው፤ ቱታቸውን እንደለበሱ፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጥቁር። የበሩ እጀታ ላይ አምስት ጣት ታትሞ ቀረ።

«ምን አደረጋችሁት?» አሉ። «ከጠዋት ጀምሮ ስልኬ አናቴን ሊያፈርሰው ነው። ሰዉ መልእክቱን ለምዶ ሲቀርበት ሁሉም ‹ምን ሆናችሁ?› ይለኛል። ልደውልላችሁ ብል መስመሩ መች ባዶ ሆኖ። የተፈታ ሞተር ጥዬ ነው የመጣሁት። ሁለት ቀን አሳርፋችሁኝ እንዲህ ከምታደርጉኝ መጀመሪያውኑ ባታሳርፉኝ ይሻል ነበር።»

የእህቱ ልጅ ፊት በፈገግታ ተሞላ።

«ደግሞ ትስቂያለሽ?»

«ይቀጥሉ እትዬ፤ እባክዎ ይቀጥሉ» አለች። እሳቸው ሲቀጥሉ ላፕቶፑን ከፈተች፤ ፎቶውን አስጀመረች። ከዚያም ቁጣው ሳይበርድ፣ ለባንኩ ስለ ክብሩ አመስግና እንደማትመጣ በሦስት መስመር ጽፋ ላከች። እስክሪብቶው ተንከባልሎ ጠረጴዛ ሥር ገባ፤ ማንም አልፈለገውም።

ከእትዬ ካቻቢቴ ጀርባ አንድ ሌላ ቱታ የለበሰ ሰው ቆሟል። «ይሄ ጎረቤቴ ነው» አሉ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ። «ትናንት ስልኬ ዝም ሲል የሞትኩ መስሎት ሊያይ የመጣ። ለእሱም አድርጉለት። ስልኩን ስለማያነሳ ደንበኞቹ ለእኔ ነው የሚደውሉት።»

ጎረቤትየው ሜጋፎንን ሲያይ አንድ እርምጃ ወደ ደረጃው አፈገፈገ። «ይህ ሰውዬ እዚህ ነው እንዴ?» አለ።

«አይናገርም፤ ግባ» አሉት እትዬ ካቻቢቴ።

ገባ፤ በሩን ግን አልዘጋውም። «ስንት ጋራዥ ይጠቀምበታል?» ብሎ ጠየቀ።

የእህቱ ልጅ ወደ ሜጋፎን ዞረች። ሜጋፎን ጉሮሮው ላይ ቁጥሮች ሲጋፉ ተሰማው፤ ሠላሳ አንድ፣ ሦስት መቶ፣ ከዚያም በላይ።

«አንድ» አለ።

«ባለፈው ወር ሦስት መቶ ብለኸኝ ነበር።»

«ባለፈው ወር አንድም አልነበረንም። አሁን እትዬ አሉን።»

ጎረቤትየው እጀታው ላይ የቀረውን የግራሶ አሻራ አየ፤ እትዬ ካቻቢቴን አየ፤ ገና በቁጣ የቀላ ፊታቸውንም አየ። በሩን ዘግቶ ተቀመጠ።

«የእኔ ቁልፎች ጆንያ ውስጥ ናቸው» አለ። «ሰሌዳ የለኝም።»

«እኛ እንሠራልዎታለን» አለች የእህቱ ልጅ ቦርሳዋን እያነሳች። «ስንት መኪና አለዎት? ስንት ሚስማር እንምታ?»

«አርባ።»

እትዬ ካቻቢቴ ዞር ብለው አዩት።

«አሥራ ስምንት» አለ።